ከምልክቱ የሚቀድም ሕክምና

ሕፃኑ ዓይኑ ንቁ ነው፤ እናቱን ይከተላታል፣ ይስቅላታል። አንገቱ ግን አይጸናም፣ እግሮቹ ወደ ጎን እንደተዘረጉ ይቀራሉ፣ ጡት ሲጠባም ቶሎ ይደክመዋል። ሐኪሞች በአጭሩ ኤስኤምኤ የሚሉት የነርቭ በሽታ ከባዱ ዓይነት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2016 መገባደጃ ድረስ የተፈቀደ መድኃኒት አልነበረውም፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ሁለት ዓመት አይሞላቸውም ነበር።

ጡንቻን የሚያዙት የነርቭ ሕዋሳት በሕይወት ለመቆየት ኤስኤምኤን የተባለ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ሲወረስ ልጁ ይታመማል። ደግነቱ የሰው ልጅ ተቀራራቢ የሆነ ሁለተኛ ዘረመልም አለው። ይሁንና በአንዲት ፊደል ልዩነት ምክንያት ሕዋሱ የዘረመሉን መልእክት ሲገጣጥም አንዱን ቁራጭ ይዘለዋል፤ የሚወጣው ፕሮቲንም አብዛኛው ጎዶሎ ሆኖ ቶሎ ይፈርሳል።

በኒውዮርክ ግዛት የኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ ተመራማሪ የሆኑት ኤድሪያን ክራይነርና ባልደረቦቻቸው ያተኮሩት እዚችው ላይ ነው። የተበላሸውን ዘረመል ከመተካት ይልቅ ሕዋሱ ቁራጩን እንዳይዘል የሚያደርግ አጭር ሰው ሠራሽ ሞለኪውል ሠሩ። ኑሲነርሰን ይባላል፤ በወገብ በኩል በመርፌ ወደ ህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይሰጣል። በ2019 ጤነኛ ዘረመል በቫይረስ አሳፍሮ የሚያደርሰው ዞልጀንስማ፣ በ2020 ደግሞ በአፍ የሚወሰደው ሪስዲፕላም ተከተሉ።

ዞልጀንስማ በአሜሪካ ሲወጣ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ መተመኑ ብዙ አነጋግሯል፤ ማነጋገርም ይገባዋል። እኔን ግን ከዋጋው እኩል የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። የሞተን የነርቭ ሕዋስ ከሦስቱ አንዱም አያስነሳም። ምልክት ከታየባቸው በኋላ ኑሲነርሰን ከጀመሩት ሕፃናት በአንድ ትልቅ ጥናት በእንቅስቃሴ መሻሻል ያሳዩት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ምልክት ሳይታይባቸው፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በጀመሩት 25 ሕፃናት ላይ በተደረገው ጥናት ግን ሁሉም ያለ ድጋፍ ተቀመጡ፤ አብዛኞቹም በእግራቸው ሄዱ።

እነዚህን ሕፃናት በጊዜ ለማግኘት ከአራስ ተረከዝ የሚወሰድ ጥቂት ጠብታ ደም ይበቃል። አሜሪካ በ2018 ምርመራውን ለአራስ ሁሉ ከሚመከሩት ተርታ አስገብታዋለች። ምርመራው በሌለበት አገር ግን በሽታውን ቀድማ የምታየው እናት ናት። «ልጄ ሰውነቱ ልፍስፍስ አለብኝ» ብላ ጤና ጣቢያ ስትመጣ «ቆይ፣ ይጠነክራል» ተብላ ከተመለሰች፣ በምትጠብቅባቸው ሳምንታት የሚያልቁት ሕዋሳት የማይተኩ ናቸው።