የላላች ብሎን

ራያን ፒቲ-22 የተባለችውን አውሮፕላን ፊት ለፊት ላያት ሞተሯ ልብሱን ለብሶ ያልጨረሰ ይመስላል። አምስት ሲሊንደሮች እንደ ኮከብ ጨረር ዙሪያውን ተዘርግተው ገላቸውን ለነፋስ ሰጥተዋል፤ የሚያቀዘቅዛቸውም ያው ነፋስ ነው። ክንፏ በጨርቅ የተለበጠና በሽቦ የተወጠረ፣ ሰውነቷ አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ መቀመጫዎች ፊትና ኋላ ሲሆኑ ጣራ የላቸውም። የሳንዲያጎው ራያን ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከ1,000 በላይ ፒቲ-22 ለአሜሪካ ጦር ሠርቷል። ሥራዋ የአውሮፕላን መሪ ጨብጦ የማያውቅን ወጣት ማስተማር ነበር። ጉልበቷ 160 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ዛሬ መንገድ ላይ የምናያት የቤት መኪና ይህን ታህላለች።

ብዙዎች ይህችን አውሮፕላን ያወቋት ግን በአንድ ማረፍ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 2015 የፊልም ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ፣ በኢንዲያና ጆንስነት የምናውቀው፣ በ72 ዓመቱ የራሱን ፒቲ-22 ብቻውን እያበረረ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ካለው የሳንታ ሞኒካ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሣ። ከባሕር ወለል በላይ 335 ሜትር ገደማ እንደደረሰ ሞተሩ አቅም አጣ።

ሞተር የከዳት ትንሽ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አትወድቅም፤ አፍንጫዋን ዝቅ ካደረጉላት እየተንሸራተተች ትወርዳለች። ጭንቁ ያለው መዞሩ ላይ ነው። ወደ ተነሡበት መመለስ ሲባል ግማሽ ክብ ይበቃል ያሰኛል፤ ግማሽ ክብ ዞረው ሲጨርሱ ግን ከመንደርደሪያው ጎን እንጂ ትክክል ፊቱ ላይ አይገኙም፤ ሌላ መታጠፍ ይቀራል። እያንዳንዱ መታጠፍ ከፍታ ይበላል። አብራሪው ቸኩሎ ክንፏን አብዝቶ ካጋደለ ደግሞ አየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልጋት ፍጥነት ይጨምራል፤ ከፍታ ሳትለቅ 60 ዲግሪ አጋድላ ብትዞር ከ40 በመቶ በላይ። እዚያ ላይ የተሳሳተ አብራሪ የሚወድቀው የአውሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ታች ተተክሎ ነው። አብራሪዎች «የማይቻለው ዙር» የሚሉት ይህንን ነው።

ፎርድ በሬዲዮ ሞተሩ መጥፋቱንና ወዲያው መመለሱን ተናገረ። የመቆጣጠሪያ ማማው የተነሣበትን የመንደርደሪያ አቅጣጫ፣ ቁጥር 21ን፣ ፈቀደለት። እሱ ግን በሌላኛው ጫፍ፣ በ3 እንደሚገባ መለሰ፤ አስፋልቱ ያው አንዱ ነው፣ ዞሮ እስከ 21 መድረሻ ከፍታ ግን አልነበረውም። 3ም ራቀበት። ከታች የመኖሪያ ቤቶች ጣራ ነው፤ በመካከሉ የፔንማር ጎልፍ ሜዳ አረንጓዴ አለ። ወደዚያ አቀና። 20 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዛፍ ጫፍ ነካችና መንደርደሪያው 240 ሜትር ያህል ሲቀራት ሣሩ ላይ ወደቀች። የዳሌና የቁርጭምጭሚት አጥንቱ ተሰበረ፣ ራሱም ተፈነከተ። መሬት ላይ የነበረ ሰው አልተነካም። መዞር አልነበረበትም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን መንደርደሪያው እንደማይደርስለት ሲያውቅ አውሮፕላኗን በግድ አልጎተታትም፣ ለዚህ አደንቀዋለሁ።

መርማሪዎቹ ሞተሩን ሲፈቱ ካርቡሬተሩ ውስጥ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄደውን ነዳጅ የምትመጥን፣ መሐሏ ቀዳዳ የሆነች ትንሽ ብሎን ከቦታዋ ተፈትታ አገኙ። መጣኟ ስትለቅ ነዳጁ ያለ ልክ ጎረፈ። ነዳጅ በበዛ ቁጥር ሞተር ይበረታል የሚል ካለ፣ አሮጌ ቮልስዋገን በነዳጅ ታፍና ስትንተፋተፍ ያየ ሰው ይንገረው። ካርቡሬተሩ የታደሰው አደጋው ከመድረሱ 17 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው፤ ብሎኗም በዚያ ሁሉ ጊዜ ጥቂት በጥቂት ሳትላላ አልቀረችም። የጥገና መመሪያው ስለ እሷ አጥብቆ የሚያዝዘው ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፒቲ-22 ከፋብሪካ ስትወጣ የትከሻ ቀበቶ አልነበራትም፤ የፎርድ አውሮፕላን ላይ በኋላ የተጨመረ ነው። ቀበቶው የታሰረው ከስሱ የመቀመጫው ጀርባ አሉሚኒየም ጋር ሲሆን፣ ከበስተኋላው የሚያጠነክር ብረት አልተደረገለትም። አውሮፕላኗ መሬቱን ስትመታ ማሰሪያው አሉሚኒየሙን ቀድዶ ወጣ።