የሊ ሕመም በጨቅላ ሕፃናት ዓይን ላይ

የሊ ሕመም በዘር የሚተላለፍ የማይቶኮንድሪያ በሽታ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይጀምራል። በ1951 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሐኪም ዴኒስ ሊ ነው።

ማይቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ ከምግብና ከኦክስጅን ኃይል የሚያመነጩ ጥቃቅን አካላት ናቸው። ሥራቸው ሲስተጓጎል ክፉኛ የሚጎዱት ብዙ ኃይል የሚፈጁ ክፍሎች ናቸው። ሬቲና፣ የዓይን ነርቭ፣ የዓይን ጡንቻዎችና እነሱን የሚያዝዘው የአንጎል ግንድ ከእነዚህ ይመደባሉ።

የታመመው ሕፃን መጥባት ያቅተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ አንገቱ ይዝላል። ከዚሁ ጋር ዓይኑ አይረጋም፤ ብሌኖቹ ከጎን ወደ ጎን ወይም ከላይ ወደ ታች ይወዛወዛሉ። ይህ ኒስታግመስ ይባላል። አንዱ ዓይን ሊሸወርር፣ ቆቡም ብሌኑን እስኪጋርድ ሊወርድ ይችላል። የእናቱን ፊት በዓይኑ ይከተል የነበረ ልጅ መከተሉን ከተወ ነገሩ በቀላሉ መታየት የለበትም፤ በተለይ ትኩሳት ካለው ሕመም በኋላ ከሆነ።

ሐኪሙ ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ውስጡን ሲመረምር የዓይን ነርቩ ጫፍ ገርጥቶ ሊያገኘው ይችላል። የጨቅላ ነርቭ በጤናውም ፈዘዝ ስለሚል ይህን መለየት ልምድ ይጠይቃል። በአንዳንዶቹ ሬቲናው ላይ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል።

ማይቶኮንድሪያ የራሳቸው 37 ጂኖች አሏቸው፤ እነዚህም የሚወረሱት ከእናት ብቻ ነው። ኤምቲ-ኤቲፒ6 በተባለው ጂን ላይ የሚደርስ አንድ የታወቀ ለውጥ ከ90 በመቶ በላይ በሆኑት የጂኑ ቅጂዎች ላይ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ የሊ ሕመምን ያስከትላል። ድርሻው ከ70 እስከ 90 በመቶ ሲሆን ግን ሕመሙ ዘግይቶ፣ በሬቲና መመናመንና በጨለማ ማየት በመቸገር ሊገለጥ ይችላል። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ሕፃናት የሚታመሙት በሕዋሱ ኒውክሊየስ ባሉ ጂኖች ጉድለት ነው፤ በዚህ ጊዜ በአብዛኛው ጤነኛ የሆኑት አባትና እናት ሁለቱም ጉድለቱን ያወርሳሉ።

በሽታው የሚለየው በኤምአርአይ፣ በደም የላክቴት መጠንና በጂን ምርመራ ነው። ለአብዛኛው ዓይነት ፈዋሽ መድኃኒት የለም። የታያሚን አጓጓዥ ጂን ጉድለት ግን ይህንኑ ሕመም ይመስላል፣ የዓይንን እንቅስቃሴም ያውካል፤ ሆኖም ባዮቲንና ታያሚን ቶሎ ከተሰጡ ልጁ በእጅጉ ሊያገግም ይችላል። ስለዚህ በተጠረጠረ ልጅ ላይ የጂን ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም፤ ሁለቱን ቫይታሚኖች ወዲያው መጀመር ይሻላል።