ስለ ቀዝቃዛ መጋዘን መብራት

ሥጋና ወተት፣ ፍራፍሬና አበባ የሚጠበቅበት ቀዝቃዛ መጋዘን ለመብራቱ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። መጀመሪያ መብራቱ ለሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ሁለተኛም ያ ኃይል ሙቀት ሆኖ በቤቱ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሙቀቱን ለማስወጣት ማቀዝቀዣው መኪና ለሚፈጀው ኃይል ነው።

ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 400 ዋት የሚፈጁ 10 መብራቶች ያሉበት መጋዘን 4000 ዋት ሙቀት ይቀበላል። በእነርሱ ፈንታ 150 ዋት የሚበቃቸው ኤልኢዲ የተባሉት መብራቶች ቢገቡ 2500 ዋት ይተርፋል። ማቀዝቀዣው በ1 ዋት ኃይል 2.5 ዋት ሙቀት የሚያስወጣ ቢሆን፣ ከእርሱም 1000 ዋት ይድናል፤ ድምሩም 3500 ዋት ይሆናል።

የፍሎረሰንት መብራት በብርድ ይደበዝዛል። የሜታል ሃላይድ መብራትም አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ቶሎ ስለማይበራ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት እንኳ ሳይጠፋ ይውላል። ኤልኢዲ ግን ብርድ ይስማማዋል፤ ወዲያውም ይበራል። ስለዚህ ሰው ሲገባ የሚያበራ፣ ሲወጣ የሚያጠፋ መሣሪያ ሊታከልበት ይገባል። ሽፋኑም እርጥበት የማያስገባ ይሁን።

እንግዲህ የመጋዘን ሹም ሂሳቡን ሲመረምር የመብራቱን መግዣ ዋጋ ብቻ አይመልከት። ገበሬው የደከመበትን ምርት ከብልሽት የሚጠብቀው ብርዱ ነውና፣ ብርዱን የሚያባክን መብራት በመጋዘን ውስጥ ሊቆይ አይገባም።