የኤክሴል ሰንጠረዦች በዓላማና በሚጠይቁት ድካም

በኤክሴል የሚዘጋጁ ሰንጠረዦች በሁለት መለኪያ ይመደባሉ፤ አንዱ የተሠሩለት ዓላማ፣ ሌላው የሚጠይቁት ጊዜና ጥንቃቄ ነው። በዓላማ መዝገብ፣ ስሌት፣ ትንበያና የጋራ ሥርዓት ተብለው ሊከፈሉ ይችላሉ።

መዝገብ ከሁሉም ይቀላል። በጉለሌ ሽሮ ሜዳ የሚሠራ የሀገር ልብስ ነጋዴ ሸማኔዎች የወሰዱትን ክርና ያስረከቡትን ነጠላ ለመያዝ የደቂቃዎች ሥራ ይበቃዋል። ጥንቃቄ የሚሻው ቀኑ ነው። ኤክሴል የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን 2017 በቁጥር 30/2/2017 ተብሎ ሲገባ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረዋል፤ በቀን ሲደረደርም ቦታውን ይስታል። ቀን፣ ወርና ዓመት በየራሳቸው ዓምድ ቢጻፉ ችግሩ ይወገዳል።

ስሌት በየወሩ ስለሚደገም የሰዓታት፣ አንዳንዴም የቀናት ዝግጅት ይፈልጋል። ዋናው ምሳሌ የደመወዝ መክፈያ ሰንጠረዥ ነው። በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። የ12,000 ብር ደመወዝ ግብርም ከ2,700 ወደ 2,250 ብር ወረደ። የግብር መጠኖቹ ለብቻቸው በተቀመጡበት ፋይል ለውጡ በአንድ ቦታ ያልቃል። በየፎርሙላው ውስጥ ከተጻፉ ግን አንዷ ሳትታረም ብትቀር ሠራተኛው በየወሩ 450 ብር ያለአግባብ ይቆረጥበታል።

ትንበያ ገና ያልሆነውን ይጠይቃል፦ ለጥምቀት ገበያ የክር ዋጋ ቢጨምር ትርፉ ስንት ይሆናል? ግምቶቹ ከስሌቱ ተለይተው ካልተጻፉ፣ ውጤቱ ከየት እንደመጣ መመርመር አይቻልም።

የጋራ ሥርዓት ብዙ እጅ የሚነካው፣ ተቋም የሚተማመንበት ፋይል ነው። የሳምንታት ሥራ፣ የተቆለፉ ፎርሙላዎች፣ መጠባበቂያ ቅጂና በሌላ ሰው መፈተሽ ያስፈልገዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከሪፖርት የቀሩት፣ አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ ነበር። እዚህ ደረጃ ሲደረስ መረጃውን ወደ ዳታቤዝ ማዛወር ይገባል።

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ለአንድ ቀን የተሠራ ሰንጠረዥ ሳይታሰብ ቋሚ ሲሆን ነው። ስለዚህ ድካሙ የሚለካው በፋይሉ ስፋት ሳይሆን በሚያገለግልበት ዘመንና በሚተማመኑበት ሰዎች ብዛት ነው፤ ዓላማው በተለወጠ ቁጥርም ምደባው እንደገና መታየት አለበት።