የዋግ ወጀብና ደራሽ ውሃ በንግድ መንገድ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት

በሐምሌና በነሐሴ ወር ከሰቆጣ ወደ ሰሃላ ጭነት የሚያስወርድ ነጋዴ ከዕቃው ዋጋ ይልቅ አስቀድሞ የሚያሳስበው የወንዙ ነገር ነው። የጭነቱ መኪና ወይም አጋሰሱ ከወንዝ ዳር ሲደርስ፣ ከአናት በላይ ያለው ሰማይ ጠርቶ ፀሐይ ስታበራ ይገኛል፤ ከፊት ያለው ውሃ ግን ደፍርሶ፣ ግንድ እያላጋና ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሾፌር ይህን ሲያይ፣ ዝናብ ሳይዘንብ ይህ ሁሉ ውሃ ከወዴት መጣ ብሎ መገረሙ አይቀርም። እንዲህ ያለው ውሃ በአማርኛ ደራሽ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ ካባራ በኋላ፣ ውሃው ግን ሳይታሰብ ከታች ይደርሳልና።

በዋግ ኽምራ የወጀብ ጉዳት ዋናው ባሕርይ ይኸው ነው። ዝናቡና ጉዳቱ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት አይገናኙም። ይህን ያወቀ ነጋዴ የጉዞውን ሰዓት፣ የዕቃውን አጫጫንና የውሉን ቃል በዚያው ልክ ያሰናዳል፤ ያላወቀው ደግሞ ወቅቱ በየዓመቱ የሚያመጣውን ነገር እንደ ድንገተኛ መዓት ቆጥሮ ሲከስር ይኖራል።

የዚህ ምክንያቱ የአገሩ አቀማመጥ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መሬት እየተሸነቆረ ሄዶ፣ ከ1,500 ሜትር በታች ዝቅ ወደሚለው ወደ ተከዜ ሸለቆ ይገባል። ከሸለቆው ማዶ የስሜን ተራሮች ተነሥተው፣ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በደቡብ በኩል ደግሞ የላስታ ተራሮች አሉ፤ አቡነ ዮሴፍ ብቻውን ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ተከዜም የሚመነጨው ከዚያው ከላስታ ነው። እንግዲህ የሰሃላ ቆላ ከደጋው የሚፈሰው ሁሉ ተሰብስቦ ከሚወርድበት ሥፍራ አጠገብ ይገኛል ማለት ነው።

በክረምት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው አየር እርጥበት ያዘለ ነው። ጠዋት ፀሐይ ዓለቱንና ተዳፋቱን ስታሞቅ፣ ይህ አየር የተራራውን ጎን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ወደ እኩለ ቀን ገደማ እንደ ተነደፈ ጥጥ ነጭ የሆነ ደመና ይከመራል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሥሩ ይጠቁራል፣ ጫፉም ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ ላይ ውሃው ወደ በረዶ ይለወጣል። የበረዶው ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ኃይል በደመናው ውስጥ ተለያይቶ ይከማቻል፤ መብረቅ የሚሆነውም ይኸው ነው። ዶፉ ሲወርድ ቀዝቃዛ አየር ይዞ ይወድቅና መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይበተናል። ከዝናቡ ቀድሞ አቧራ እያነሣ የሚመጣው፣ የገበያን ዳስ የሚገለብጠውና የቆርቆሮ ጣሪያ የሚነቅለው ነፋስ እርሱ ነው።

ብዙ ሰው ወጀብ ሲባል በዜና የሚሰማውን የአሜሪካን ቶርኔዶ ያስባል። እርሱ ከደመናው ሥር እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ምድር የሚወርድ ተሽከርካሪ ዐውሎ ነፋስ ነው። በዚያ አገር ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከምዕራብና ከሰሜን ከሚመጣው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ጋር በሰፊ ሜዳ ላይ ይገናኛል፤ የነፋሱም ፍጥነትና አቅጣጫ እንደ ከፍታው እየተለዋወጠ ደመናውን ያሽከረክረዋል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መጋቢት 18 ቀን 1925 በሚዙሪ፣ በኢሊኖይና በኢንዲያና ግዛቶች ያለፈው አንድ ዐውሎ ነፋስ 695 ሰዎች ገድሏል። በ1989 ደግሞ በባንግላዴሽ የተነሣው 1,300 ያህል ሰዎች እንደ ፈጀ ይነገራል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እንዲህ ያለ የቀዝቃዛና የሞቃት አየር ፍልሚያ አይበዛባትም። በበጋ ቀትር ላይ በዋግ ቆላ ሜዳ እየተሽከረከረ ገለባና አቧራ የሚያነሣው ዐውሎ ከደመና የሚወርድ ሳይሆን ከጋለ መሬት የሚነሣ ነው፤ የሱቅ ሸራ ገፍፎ ይሄዳል እንጂ ከተማ አያፈርስም። ስለዚህ የዋግ ነጋዴ ሊፈራ የሚገባው ዐውሎውን ሳይሆን ውሃውን ነው።

ውሃው የሚከፋው መሬቱ ስለማይጠጣው ነው። ዳገቱ ቁልቁለታማ፣ ብዙው ክፍሉ የተራቆተ፣ አፈሩም ስስ ነው። የዋግ ክረምት አጭር ስለሆነ ከዝናቡ አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጠቃሎ ይወርዳል። ለረጅም ወራት በፀሐይ ሲጠበስ የከረመ መሬት አንድ ሰዓት ዶፍ ሲወርድበት ውሃውን ወደ ሸንተረሩ ይለቀዋል፤ ሸንተረሩ ለጅረት፣ ጅረቱ ለወንዝ ያስረክባል። ከሰዓት በኋላ በደጋ የዘነበው በቆላው መሻገሪያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በምሽት ወይም በሌሊት ነው። ድርቅ በበዛበት አገር የውሃ ብዛት ሰውን ማጥፋቱ ነገሩን ለሩቅ ሰሚ እንግዳ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ የተራቆተ መሬት ነው።

ይህ በዋግ ብቻ የሚታይ አለመሆኑን ድሬዳዋ በመራራ ሁኔታ አይታዋለች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሊት፣ በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ወርዶ በእንቅልፍ ላይ በነበረው ሕዝብ ላይ ደረሰ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚከርም ወንዝ ሰው ስለማይፈራው ዳርቻው ላይ ቤትና ገበያ ተሠርቶ ነበር።

የቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎች ይህን ሁሉ በልምድ ያውቁት ነበር። ሰቆጣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከአፋር በረሃ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ታላቅ ገበያ ነበረች። አሞሌ ዝናብ ቢያገኘው የሚሟሟ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ቅፍለቱ ወንዞች ሳይሞሉ ይገባ፣ ሲጎድሉም ይወጣ ነበር እንጂ፣ በክረምት እምብርት ከውሃ ጋር አይታገልም ነበር። የዛሬው ነጋዴ መኪና ስላለው ክረምቱንም ይሠራል፤ መኪናው ግን የወንዙን ጠባይ አልለወጠውም።

ከዕቃው ወገን በመጀመሪያ የሚጎዳው ስኳር፣ ጨውና ሲሚንቶ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ለመበላሸት ወንዝ ውስጥ መግባት እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ በመሻገሪያው ሁለት ሌሊት በቀዳዳ ሸራ ሥር ቢያድሩ ይበቃቸዋል። ሲሚንቶ እርጥበት ጠጥቶ ከደነደነ በኋላ ምንም ቢደቆስ ወደ ቀድሞ ኃይሉ አይመለስም። ዋግ የሚታወቅበት ማርም ቢሆን ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ማር ከአየር ላይ ውሃ ይስባልና፣ በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ 20 ሲያልፍ ይቦካል። ክዳኑ ያልጠበቀ በርሜል በክረምት ተጭኖ ሲሄድ ገዢው የሚቀበለው የተላከለትን ማር አይደለም።

ለላኪዎች በይበልጥ የሚያስፈልገው የእጣን ነገር ነው። በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ ቆላ የሚገኘው የእጣን ዛፍ የሚቆሰለው በበጋ ሲሆን፣ የደረቀው ሙጫ ከዛፉ ላይ ይለቀማል። የእጣን ደረጃ የሚወጣው በእንክብሉ ትልቅነትና በመልኩ ንጣት ነው። ከመለቀሙ በፊት ወጀብ የደረሰበት እጣን አፈርና ቅርፊት ይቀላቀልበታል፤ ክብደቱ ሳይቀንስ ዋጋው ብቻ ይወድቃል። ስለዚህ የመጨረሻውን ለቀማ ለጥቂት ኪሎ ጭማሪ ሲባል እስከ ሰኔ ማጓተት ብዙ ጊዜ ትርፉ አነስተኛ ነው።

አሁን ወደ ውል ጉዳይ እንለፍ፤ በዚህ በኩል የሚደርሰው ኪሳራ ከወንዙ ኪሳራ አያንስም። ዕቃው ሳይደርስ ሲቀር አጓዡ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አጋጠመኝ» ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1793 መብረቅንና ጎርፍን ከእንደዚህ ያሉ ምክንያቶች መካከል ይጠቅሳል። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 1792 ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክለውን ነገር ብቻ ይቀበላል፤ ሊታሰብ የሚችለውን፣ ወይም ሥራውን ከባድ ብቻ የሚያደርገውን አይቀበልም። እንግዲህ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የሚሞላ ወንዝ በሐምሌ ቢሞላ፣ አልታሰበም ለማለት ይቻላልን? ዳኛው እንደ ማስረጃው ይፈርዳል እንጂ መልሱ አስቀድሞ የተቆረጠ አይደለም። ብልህ ነጋዴ ግን ክርክሩን አይጠብቅም፤ በውሉ ውስጥ ውሃ ሙላት ስንት ቀን እንደሚታሰብለት፣ በመሻገሪያው ለሚቆመው መኪና ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል፣ ዕቃው ቢረጥብ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ያስጽፋል። የመድን ውልም ሲፈርም ጎርፍና ወጀብ በዋስትናው ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን አንብቦ ያረጋግጣል፤ በአንዳንድ ውል እነዚህ የሚገቡት ተጨማሪ ዓረቦን ሲከፈል ነውና።

የጉዞውን ሰዓት በተመለከተ ደንቡ ቀላል ነው። በክረምት ከሰቆጣ የሚነሣ ጭነት ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ ድልድይ የሌላቸውን መሻገሪያዎች ከእኩለ ቀን በፊት ቢያልፍ መልካም ነው። ሾፌሩም መመልከት ያለበት ከአናቱ ያለውን ሰማይ ሳይሆን፣ ወንዙ የሚመጣበትን ተራራ ነው። ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈጣን ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን አውቶሞቢል ይወስዳል። ከባድ የጭነት መኪና ክብደቱን ተማምኖ ይገባ ይሆናል፤ ነገር ግን ጎማው የቆመበት አፈር ከሥሩ ሲታጠብ ክብደቱ ራሱ ይገለብጠዋል።

መብረቅ ሲታይ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ያሉትን ሰከንዶች ቆጥሮ ለሦስት ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይነግራል። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ በተዘጋ መኪና ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ የሚጠብቀውም ጎማው ሳይሆን የመኪናው የብረት አካል ነው። ፍየል ነጂዎች መንጋቸውን ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ማስጠለላቸው ግን አደገኛ ልማድ ነው፤ መብረቁ ዛፉን ሲመታ ኃይሉ በመሬት ውስጥ ተሠራጭቶ መንጋውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊጥል ይችላል።

የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከ188 ሜትሩ ግንብ በስተ ኋላ ሰፊ ሐይቅ ስለተፈጠረ፣ በአበርገሌ በኩል በጀልባ መጓዝና ዓሣ ማስገር ተለምዷል። ከዝናቡ ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ በሐይቁ ላይ ማዕበል ለማስነሣት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋልና፣ የጀልባ ጭነትም እንደ መኪናው የጠዋት ሥራ ነው።

በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆኖ የተቋቋመውና ዛሬ ኢንስቲትዩት የተባለው የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት የወቅት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው የትኛው ወንዝ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ አይናገርም። የሳምንቱን ጭነት ለማቀድ ግን ይጠቅማል፤ የቀረውን በደጋው ያለ ደንበኛ በስልክ «ዛሬ እንዴት ዋለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ይሞላዋል።

ወንዙ ሞልቶ መኪናው ከቆመ፣ የአካባቢው ሰዎች እንደሚያደርጉት በውሃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። በድንገት የሞላ ውሃ በአብዛኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ድንጋዩ ከጠርዙ ርቆ በደረቅ ላይ ሲታይም፣ ጎርፉ የመሻገሪያውን ወለል ቦርቡሮት እንደሆነ ሳይመረመር ሞተር አይነሣም።