ፍጥነትና ሥርዓት በኑርቡርግሪንግ

በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የምትችል መኪና የገዛ ሰው፣ ዋጋዋን ከፍሎ፣ ቁልፏን ተረክቦ፣ ሞተሯን ባስነሣ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ጥያቄ «ይህን ሁሉ ኃይል የት ልጠቀምበት?» የሚል ነው። በከተማ መብራትና እግረኛ፣ በገጠር መንገድ የጭነት መኪናና የትራፊክ ፖሊስ ይጠብቁታል፤ አንዳንድ አውራ ጎዳናዎቿን ያለ ፍጥነት ወሰን የተወች ጀርመን እንኳ ብትሆን፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቤንዚን መርገጥ ለማንም የማይቸግር ሥራ ስለ ሆነ፣ መሐንዲሶቹ ስንት ዘመን የደከሙበት የመኪናይቱ ምሥጢር፣ ይኸውም አጠማዘዟ፣ መሬት አያያዟና የፍሬኗ ጽናት፣ ሳይገለጥ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ፈጣን መኪና የሚወዱ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ወይም ለአዘጋጅ ከፍለው፣ የእሽቅድምድም ሜዳ ለአንድ ቀን ይከራዩና የየራሳቸውን መኪና ይዘው ከጧት እስከ ማታ ይነዱበታል። ይህንንም ትራክ ዴይ ይሉታል።

በትራክ ዴይ አሸናፊም ተሸናፊም የለም፤ ዋንጫ አይሰጥም፤ በብዙ ስፍራ ሰዓት መያዝ እንኳ ክልክል ነው፤ ሰዓት የተያዘ እንደ ሆነ ነገሩ ውድድር ይባልና የኢንሹራንሱም የኃላፊነቱም ጉዳይ ይለወጣልና። ወሬውን ከሩቅ የሰማ ሰው ሕግ የሰለቻቸው ባለጸጎች እንደ ልባቸው የሚሆኑበት ቀን ይመስለው ይሆናል። ቀርቦ የተመለከተው ግን በተራው መንገድ ከምናውቀው ይልቅ የጠበቀ ሕግ፣ ያውም ሰዎቹ ወደው የተቀበሉት ሕግ፣ የሚገዛበት ጉባኤ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን ለማየት ከኑርቡርግሪንግ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። ከኮሎኝ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በኤይፈል ተራሮች ውስጥ፣ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ የኑርቡርግ ግንብ ፍራሽ በኮረብታ ላይ ቆሞ ይታያል፤ የመኪናው ጎዳናም ይህን ኮረብታ ዙሮ በደኑ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሆን፣ ጀርመን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዙ ችግር ላይ ነበረችና፣ የአዴናው አውራጃ ገዥ ኦቶ ክሮይትስ ለአገሩ ሥራ ፈቶች እንጀራ፣ ለመኪና ፋብሪካዎችም መፈተኛ የሚሆን ጎዳና እንዲሠራ ደክሞ አስፈቀደ። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ድንጋዩን ፈልጠው፣ ገደሉን ሞልተው፣ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ፈጸሙት፤ በጁን 1927 በተመረቀ ጊዜም የመጀመሪያውን የመኪና ውድድር ሩዶልፍ ካራቺዮላ በመርሴዲስ አሸነፈ። ዛሬ ኖርድሽላይፈ የሚባለው ሰሜናዊው ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ከ70 የሚበልጥ ጥምዝ አለው፤ ከዝቅተኛው ስፍራ እስከ ከፍተኛው የከፍታው ልዩነት 300 ሜትር ያህል ነው። ሌሎቹ የውድድር ሜዳዎች በአብዛኛው ከ6 ኪሎ ሜትር የማይበልጡ በመሆናቸው ትጉህ ሰው በአንድ ጧት በቃሉ ሊይዛቸው ይችላል፤ ይህን ግን በቃል ለመያዝ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ያውም በአንደኛው ጫፍ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ በሌላው ጫፍ ዝናብ ሲያጥለቀልቅ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የታላላቅ ነጂዎችን ስም ያነሣውም የጣለውም ይኸው ጎዳና ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ፣ ዕድሜው 46 ሆኖ ሳለ፣ በውድድር መካከል ጎማ ለማስለወጥና ነዳጅ ለመሙላት በቆመበት ጊዜ ሁለት ወጣት የፌራሪ ነጂዎች ርቀውት ከሄዱ በኋላ፣ በማዜራቲው የዙሩን ክብረ ወሰን ደጋግሞ እየሰበረ ደርሶ አለፋቸው፤ አምስተኛውንም የዓለም ሻምፒዮንነት በዚያው ቀን አረጋገጠ። በ1968 ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት፣ ጉሙ ዐይን በሚጋርድበት፣ ዝናቡም በማያቋርጥበት ቀን፣ ተከታዩን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ፤ ስፍራውን «አረንጓዴው ሲኦል» ብሎ የሰየመውም እርሱ ነው። በኦገስት 1 ቀን 1976 ደግሞ ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ ቤርግቬርክ ከሚባለው ጥምዝ አጠገብ ተጋጭቶ መኪናው በእሳት ተያያዘች፤ ከነበልባሉ ጎትተው ያወጡትም ውድድራቸውን ትተው፣ ከመኪናቸው ወርደው የደረሱለት አራት ነጂዎች ነበሩ። ላውዳ ከስድስት ሳምንት በኋላ በሞንዛ ዳግመኛ ተወዳደረ፤ ፎርሙላ ዋን ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ኖርድሽላይፈ አልተመለሰም።

የሚያስገርመው፣ የዓለም ታላላቅ ነጂዎች የሸሹት ይህ ጎዳና ለተራው ሰው ክፍት ሆኖ መኖሩ ነው። ከተመረቀ ጀምሮ ማንም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ዋጋውን ከፍሎ ሊነዳበት ይችላል፤ ለሕዝብ በሚከፈትባቸው ሰዓቶች ጎዳናው በጀርመን ሕግ ፊት እንደ ባለ አንድ አቅጣጫ የክፍያ መንገድ ይቈጠርና የመንገድ ትራፊክ ደንቡ ሁሉ ይጸናበታል። ሕፃናቱን ከኋላ ያስቀመጠ የቤተሰብ አባትና ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና የያዘ ባለሀብት በአንድ በር ሲገቡ ይታያሉ። ትራክ ዴይ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በዚያን ዕለት በሩ ለተመዘገቡት ብቻ ይከፈታል፣ የመኪናው ቍጥር ይወሰናል፣ የማያውቀው ሰው ከሚያውቀው ጋር ሳይመካከር አይወጣም። ሁለቱን አነጻጽሬ እንድፈርድ ብጠየቅ፣ ጀማሪ ሰው ከሕዝቡ ሰዓት ይልቅ ወደ ትራክ ዴይ ይሂድ እላለሁ፤ ዋጋው ቢበዛም ከኋላው የሚመጣው ሰው ተመሳሳዩን ትምህርት የሰማ ነውና።

ሥርዓቱ የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። መኪኖቹ ከተደረደሩ በኋላ እያንዳንዱ ነጂ መንጃ ፈቃዱን ያሳያል፣ አደጋ ቢደርስ ኃላፊነቱ የራሱ መሆኑን አውቆ ይፈርማል፣ የጭስ መውጫውም ድምፅ ከተወሰነው ልክ እንዳያልፍ በመሣሪያ ይለካል። ከመኪናው ውስጥ የውሃ ጠርሙሱ፣ ጃንጥላው፣ መነጽሩ፣ ሳንቲሙ ሁሉ ተለቅሞ ይወጣል፤ ከፍሬን ፔዳል በታች የገባች አንዲት ጠርሙስ ምን እንደምታደርግ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ቀጥሎ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ቃለ ተግሣጽ ይሰማሉ፤ ሃያ ዓመት የነዳውም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። በኖርድሽላይፈ መቅደም በግራ በኩል ብቻ ነው፤ ከኋላው ፈጣን መኪና የመጣበት ሰው በስተ ቀኝ ይዞ የቀኝ ፍሬቻ ያሳያል። ቢጫ ባንዲራ ከፊት አደጋ አለና ቀስ በል፣ አትቅደም ማለት ነው፤ ቀዩ መንዳቱ ሁሉ መቋረጡን ያመለክታል። ያለ ምክንያት መቆም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ መኪናው የተበላሸበት ሰው የአደጋ መብራቱን አብርቶ፣ ከመኪናው ወጥቶ፣ ከብረት አጥሩ ወዲያ መቆም አለበት። የመጀመሪያው ዙርም በአሠልጣኝ መሪነት፣ በዝግታ፣ ያለ ቀዳሚና ያለ ተቀዳሚ ይፈጸማል። የአብነት ተማሪ ንባቡን ሳያጠና ወደ ዜማ፣ ዜማውን ሳይዘልቅ ወደ ቅኔ እንደማይሻገር፣ በዚህም ስፍራ መስመሩን ያላጠና ሰው ፍጥነት ልጨምር ቢል የሚሰማው የለም።

መስመር የሚሉት ምን እንደ ሆነ በአንድ ጥምዝ ላይ ማሳየት ይቻላል። ካሩሰል የሚባለው ግራ ጥምዝ ከረጅም ዳገት በኋላ የሚገኝ ሲሆን፣ ውስጠኛው ወገኑ እንደ ወጭት የጎደጎደ የሲሚንቶ ንጣፍ ነው፤ ጥንት የውሃ መውረጃ ቦይ እንደ ነበረና ካራቺዮላ ቸርኬውን ወደዚያ አስገብቶ መዞር እንደ ጀመረ ይነገራል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ነጂው በዳገቱ ላይ ሳለ ጥምዙን አያየውም፤ አጠገቡ የተቀመጠው አሠልጣኝ «ይጠብቁ፣ ገና ነው፣ ይጠብቁ… አሁን!» ይለዋል። መሪውን ሲያዞር መኪናይቱ ወደ ጎድጓዳው ትወድቃለች፤ ሰውነት ወደ ወንበሩ ይሰምጣል፣ የንጣፉ መጋጠሚያዎች ጎማውን ድው ድው እያደረጉ መሪውን በእጅ ውስጥ ያንቀጠቅጡታል፣ በፊት መስተዋት ውስጥም ከሲሚንቶና ከዛፍ ጫፍ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ቸኩሎ የገባ ሰው ከንጣፉ ተስፈንጥሮ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ታግሦ የገባው ግን ንጣፉ ራሱ ይዞ ያዞረዋልና፣ ከማለቁ ጥቂት ቀደም ብሎ መሪውን አላልቶ፣ ቀስ እያለ ቤንዚን እየጨመረ ይወጣል።

በጥምዝ መካከል ደንግጦ እግርን ከቤንዚን በድንገት ማንሣት የብዙዎች ውድቀት ምክንያት ነው። እግር በተነሣ ጊዜ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሬት መያዝ ያቅታቸውና ጅራቷ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በተለይ ሞተሯ ከኋላ ቸርኬዎች በስተ ኋላ የተቀመጠላት ፖርሽ 911 ይህን ስሕተት በቀላሉ አትምርም። ስለዚህ ፍሬን መያዝ የሚገባው ከጥምዙ በፊት፣ መሪው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። የጥበቡ ግማሽ በፍሬን ላይ ነው ቢባል አልተጋነነም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚቆመው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የምትሮጠውን መኪና ማቆም 100 ከምትሮጠው አራት ጊዜ የበለጠ ሙቀት በዲስኩ ላይ ያፈሳል ማለት ነው። ይህ ሙቀት ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ ነገር ግን ከአየር እርጥበት የመጠጣት ጠባይ ስላለው፣ ውሃ የጠጣው ዘይት መፍያ ልክ እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ የፈላ እንደ ሆነ በቱቦው ውስጥ ተን ይፈጠራል፣ ተኑም ይታመቃልና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናይቱ ግን አትቆምም። ሞተራቸውን ለማጎልበት ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ሁለት ዓመት የቆየ የፍሬን ዘይት ይዘው የሚመጡ ሰዎች መኖራቸው የሰውን ልጅ ጠባይ ለሚመረምር መልካም ርእስ ነው።

ከዙር ወደ ዙር ባለው ዕረፍት የሚታየው ወዳጅነት ሌላው የዕለቱ ጸጋ ነው። አንዱ ጎንበስ ብሎ የጎማውን አየር ይለካል፣ ጎማው ሲሞቅ ግፊቱ ስለሚጨምር ጥቂት ያስተነፍሳል፤ ሌላው የቸርኬ ብሎን መፍቻ ይለምናል፤ ሦስተኛው የፍሬን ሸራው ማለቁን አይቶ ሲተክዝ፣ ስሙን እንኳ የማያውቀው ሰው ከራሱ ሣጥን አውጥቶ ይሰጠዋል። ማን ምን ሥራ እንዳለው፣ ምን ሀብት እንዳለው የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው በየትኛው ጥምዝ በስንተኛ ማርሽ እንደ ገባ ነው።

ከገንዘብ ይልቅ እጅ እንደሚበልጥ ያስተማረችው ደግሞ የኑርቡርግ ልጅ ሳቢነ ሽሚትስ ናት። በዚያው መንደር በወላጆቿ ሆቴል ያደገችው ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1996 የኑርቡርግሪንግን የ24 ሰዓት ውድድር ከባልደረቦቿ ጋር በማሸነፍ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በ1997ም ደገመች። ከዚያም ብዙ ዓመት እንግዶችን በቢኤምደብልዩ አስቀምጣ እያዞረች፣ እነርሱ ሲጮኹ እርሷ እየሳቀች ታስጎበኛቸው ነበር። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ላይ ፎርድ ትራንዚት የሚባለውን የዕቃ መኪና ይዛ ዙሩን በ10 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ በፈጸመች ጊዜ፣ የስፖርት መኪና ኖሯቸው ከዚህ የዘገዩ ስንቶቹ ነጂዎች እንዳፈሩ መገመት አያስቸግርም። በ2021 በካንሰር ካረፈች በኋላ በጎዳናው ላይ አንድ ጥምዝ በስሟ ተሰይሟል።

ወጪው የሚናቅ አይደለም። ከምዝገባው ሌላ ጎማ፣ ሸራና ቤንዚን በአንድ ቀን ያልቃሉ፤ የተለመደው የመኪና ኢንሹራንስ በብዙ ውል እንዲህ ባለው መንዳት የደረሰውን ጉዳት አይሸፍንም፤ የብረት አጥሩን የገጨ ሰውም የአጥሩን ማሠሪያና የመጎተቻውን ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል። ለጀማሪ የሚመከረውም ውድ መኪናውን ቤቱ ትቶ፣ በአካባቢው የሚከራዩትን ትንንሽ መኪኖች፣ ለምሳሌ ሱዙኪ ስዊፍትን፣ ይዞ እንዲማር ነው፤ ደካማ ሞተር የነጂውን ስሕተት አይሸፍንለትምና መስመሩን ቶሎ ያስተምረዋል።

የቆዩት ነጂዎች «ይህ የመጨረሻ ዙሬ ነው» ብለው አይናገሩም። ማታ ሲሆን ሰው ይደክማል፣ ጎማው ይዝላል፣ ልቡና ግን በጧቱ ድፍረት ላይ ይቆያል፤ «አንድ ብቻ» ብሎ የወጣ ሰው አጥር ላይ የሚገኘው በዚህ ሰዓት ነው ይላሉ። የጠገበ ሰው ዝም ብሎ ፍሬን ሳይነካ አንድ ዙር በዝግታ ዞሮ ዲስኩን ያቀዘቅዛል፣ ሲያቆምም የጋለው ሸራ ከዲስኩ እንዳይጣበቅ እጅ ፍሬኑን ትቶ መኪናይቱን በማርሽ ያስራታል፣ የቸርኬውን ብሎን አንድ በአንድ ያጠብቃል፣ ጓዙንም መልሶ ጭኖ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳ፣ በአዴናው ከተማ በኩል ወደ ቤቱ ይሄዳል።