በረዶ የማይከርምበት ሐይቅ

ከአዘና፣ ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ተነሥቶ ጓዙን በጀርባው አዝሎ በተራራ ሐይቅ ዳር ለማደር ለሚያስብ መንገደኛ፣ በአዊ ዞን ውስጥ ቅርብ ሆነው የሚገኙት ዘንገናና ጥርባ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አቅራቢያ፣ ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ዘንገና በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ክብ ሐይቅ ሲሆን፣ ስፋቱ አነስተኛ ቢሆንም ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል ተብሎ ይታወቃል። ሐይቁ የተፈጠረው ከመሬት ሆድ የወጣ ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ የላዩን ዐለት በመፈንቀሉ ነው።

በአልፕስ ተራሮች ተጓዦች በበጋ አጋማሽም ቢሆን ያልቀለጠ በረዶ በሐይቅ ዳር ሲያገኙ፣ ከዘንገና እጅግ በሚበልጡት በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ እንኳ ይህ የማይታይበት ምክንያት የከፍታ ማነስ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር በረዶው የሚከማቸው ቅዝቃዜው ለወራት ሳይቋረጥ ስለሚቆይ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናት ስለማትርቅ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው ይበልጣል፤ ስለዚህም ከ4,500 ሜትር በላይ በሚደርሰው በራስ ደጀን ላይ የወረደ በረዶ ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። ይሁንና በረዶው ራሱ ተረት አይደለም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዱሊስ ገልብጦ ያቆየው የአንድ የአክሱም ንጉሥ የግሪክኛ ጽሑፍ፣ በሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንደነበረ ይናገራል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በዚያ በረዶ አላየሁም ቢልም፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ማየቱን መዝግቧል፤ የብሩስ ጉድለት ምናልባት ከተራሮቹ ግርጌ ከፍ አለማለቱ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ተጓዡ ሊሰናዳበት የሚገባው ነገር በረዶ ሳይሆን ውርጭ ነው። ውርጭ ማለት ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በማይኖርበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ፣ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት በሣር ላይ ነጭ ሆኖ የሚጋገርበት ሁኔታ ነው፤ በገበሬው አጠራርም ከደጋ በላይ ያለው ምድር በዚሁ ስም ይታወቃል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ በሌሊት ወደ ጉድጓዳማ ሥፍራ ይወርዳል፤ በዚህም የተነሣ ድንኳንን ከውሃው ጠርዝ ይልቅ ከፍ ባለ ደልዳላ ቦታ መትከል፣ ከመኝታ ከረጢቱ በታችም ወፍራም ምንጣፍ ማድረግ ከብዙ ልብስ ይልቅ ይጠቅማል። ዘንገናን የመሰለ ጥልቅ ሐይቅ ቀን ያከማቸውን ሙቀት ቀስ እያለ ስለሚለቅ ዳርቻውን በመጠኑ ያለዝበዋል፤ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ግን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። በከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ጅብራ የተባለው ተክልም ሌሊት ቅጠሎቹን ሰብስቦ ለጋ እምቡጡን ከብርድ ይጠብቃል። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም፣ ማለትም በኦክስጅን ማነስ የሚመጣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊከሰት ስለሚችል፣ ሕመሙ ሲብስ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው።

በረዶ የሠራው ሐይቅ ለማየት የሚሻ ሰው መሄድ ያለበት ወደ ባሌ ተራሮች ነው። ከ40,000 ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ በዚያ ሰፊ የበረዶ ግግር ነበረ፤ ግግር ማለትም በራሱ ክብደት ተጨምቆ ቁልቁል የሚንፏቀቅ፣ ዐለት እየፋቀ የሚሄድ የበረዶ ክምር ነው። በ3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ጋርባ ጉራቻ የዚህ ፍቀት ውጤት ሲሆን፣ ተመራማሪዎች ከ15,000 ዓመታት በላይ በወለሉ የተከማቸውን ደለል ቆፍረው በማውጣት፣ በውስጡ ከታሸገው የአበባ ዱቄት አስታ የተባለው ቁጥቋጦ በተራራው ላይ መቼ እንደተስፋፋና መቼ እንዳፈገፈገ መርምረዋል።